ወይን፦ በሄክታር

ከክረምቱ ማግስት፣ ጭቃው ሳይጠነክር፣
ቢቸና ደረስኩኝ ሰብል ልቆጥር።
በሻንጣዬ ቅጽ፣ በኪሴ እርሳስ፣
ከጤፍ የሚጀምር፣ እስከ ተልባ ድረስ።
ከታች በመጨረሻው ረድፍ፣ ማን እንደጨመረው እግዜር ይወቀው፣
«ወይን — በሄክታር» የሚል ዓምድ አለው።

የቀበሌው ጸሐፊ፣ ልንገረው፣ ሳቀ፤
«ወይን? እዚህ?» አለና ብዕሩን ከወረቀቱ አራቀ።
«ወይንማ በስማችን ነው፤ አገሩ ወይና ደጋ፣
ፍሬውን ግን ያየ የለም፣ ስንት ዘመን መሽቶ ነጋ።»

ቅዳሜ ገበያ ዞርኩ። ጌሾ በየነዶው፣
ማር በየቅሉ፣ በየገንቦው።
ወይን ስል የሰማች አንዲት ሴት ዘወር አለችና፣
«ዘቢብ ነው? ከሱቅ ጠይቅ» አለችኝ በትሕትና።

ማታ አንጓች ጠጅ ቤት ገባሁ፣ ሙሉ ቀን ጭቃ ረግጬ፣
ከበሩ ራቅ ያለ፣ አንድ እግሩ አጭር አግዳሚ መርጬ።
ይሁኔ የመሲንቆውን ጭራ በሙጫ አሸት አሸት አድርጎ፣
ፊቴን አየ፣ ቅጼን አየ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፦

«ቆላ ለቆላ ስትዞር ጀንበርህ ጠለቀ፣ ሌትህም ነጋ፣
ፍሬ የምትሻ ሰው፣ እግርህ ሳይዝል፣ ወይና ደጋ!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፣ ዘግይቼ፣
ሰሙን ነበር የሰማሁት፣ ወርቁን ብርሌው ውስጥ ትቼ።
አንጓች ቀዳችልኝ። አየሁት፤ ብርሌው አንገቱ ላይ ነቅቷል።
ብነግራት፣ «እሱስ ነቃ፤ ጠጪው» አለች፣ «መች ነቅቷል?»

ከማሩ የቀረው ሰም የት እንደሚሄድ ጠየቅኋት።
«ግማሹ ለጧፍ ነው» አለች፤ ትንሽ ሳቅ ቀደማት፤
«ግማሹን የቅኔ ተማሪዎች ይበሉታል፣
ወርቅ አገኘን እያሉ። ሰሜን ማን ይመልስልኛል?»

ሲነጋ ሽቅብ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ
የፍየል ቆዳ አየሁ፣ በአራት ማዕዘን ተወጥሮ።
መሪጌታ ዓምደ ብርሃን ጆሯቸው ከብዷል፤ «ወይን!» ብዬ ጮህኩ።
«ዓይኔስ ደህና ነው» አሉኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ዓይናቸውን ተከተልኩ።

ቀይና ጥቁር ቀለም፣ ከገጹ ራስ ተነስቶ፣
ይጠማዘዛል መስመሩ፣ ቅጠል አውጥቶ፣ ዘለላ አፍርቶ፤
ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ ለዳዊቱ አጥር ሠርቶ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ በጣቴ። «ሐረግ» አሉኝ፤ «ሐረግ ነዋ!
ከአባቴ የወረስኩት። ልጄ እንኳ አልያዘልኝም፤ ሾፌር ሆነ፣ ሄደ ሸዋ።»

ከቤተ ልሔሙ ግንብ ስር፣ ድንጋዩ በሻገተበት፣
አንዲት ግንድ አለች፣ ክንድ የምታህል፣ በጠፍር ያሰሯት።
ማን እንደተከላት አይታወቅም። አንዳንዱን ዓመት ታፈራለች፣
አንዳንዱን ዓመት ትኮራለች።
ዲያቆኑ በጣቱ ቆጠረልኝ፦ ዘንድሮ አሥራ አንድ ዘለላ፣
ዘጠኙን ወፍ ቀድሞ በላ።
«ለቅዳሴውስ?» «ዘቢብ ከሱቅ ነው፣ እንደ ሰዉ ሁሉ።»
«ታዲያ ይህቺ ለምን?» «ትኑር ብለው አባቶች ስለሚሉ።»

ቅጼን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። «በሄክታር» ይላል ዓምዱ፤
አንድ እርምጃ አይሞላ ጥላዋ፣ ከእጄ አይዘልም ግንዱ።
ዜሮ ብጽፍ እዋሻለሁ፤ አንድ ብልም እዋሻለሁ፤
እርሳሴን በጥርሴ ነክሼ ብዙ ቆየሁ።
ከዋርካው ስር አንድ ተማሪ፣ ዓይኑን ደመና ላይ ሰክቶ፣
ያልመጣውን ቃል ይጠብቃል፣ ቁርሱን ረስቶ።

«በሄክታር» የሚለውን በቀጭን መስመር ሰረዝኩት፤
«ሐረግ፣ አንድ» ብዬ ጽፌ፣ ስሜን ከስሩ አሰፈርኩት።

በወሩ ቅጹ ከባሕር ዳር ተመልሶ መጣ፣
በቀይ ብዕር፦ «ግልጽ አይደለም፤ በመለኪያ ይውጣ።»
ልንገረው ጮክ ብሎ አነበበው፤ እንደያኔው ሳቀ፣ ሳቀና፣
«ግልጽ ነገር ፈልገህ ኖሯል የመጣኸው ቢቸና?»